የመልክዓ ምድርን የእይታ ጥራት በፎቶ መለካት፦ ከካሜራው እስከ ሪግሬሽኑ

«እስኪ ይሄን ዳታ እየው» የሚሉኝ ተመራቂ ተማሪዎች በዝተዋል። አርክቴክቸር አለ፣ ጂኦግራፊ አለ፣ ቱሪዝም አለ። ርዕሳቸው ይለያያል፣ የሚያመጡት ችግር ግን አንድ ነው። 60 ፎቶ አንስተዋል፣ 100 ሰው መጠይቅ አስሞልተዋል፣ ቁጥሩ ግን ምንም አይናገርም። ከዚያ ስታቲስቲክስ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ይሮጣሉ። ብታዩት አብዛኛው ጥናት የተበላሸው ገና ፎቶው የተነሳ ቀን ነው። ያንን ደግሞ የትኛውም ሶፍትዌር አይጠግነውም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ፎቶ ብዙ እላለሁ፣ ስለ ሪግሬሽን (ፎቶው ውስጥ ያለው ነገር ከሰው ነጥብ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ የሚያሰላው ስሌት) ትንሽ። ምሳሌዬ ወንጪ ነው፤ በአምቦና በወሊሶ መሃል ያለው፣ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ የተቀመጠው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ። ውሃ አለው፣ ገደል አለው፣ እርሻ አለው፣ ደሴቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለው፣ አሁን ደግሞ አዳዲስ ግንባታ አለው። ለልምምድ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የናንተ ቦታ ሌላ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

## ከመነሳታችሁ በፊት

እነዚህን ያዙ፦

- አንድ ካሜራ ወይም አንድ ስልክ። ሁለት አይነት መሣሪያ አትቀላቅሉ።
- ትሪፖድ፣ ወይም 1.6 ሜትር ላይ ምልክት የተደረገበት ዱላ።
- ኮምፓስና ጂፒኤስ (የስልኩ ይበቃል)።
- የታተመ የመስክ ቅጽ። ባትሪ ያልቃል፣ ወረቀት አያልቅም።
- ከዩኒቨርሲቲያችሁ የትብብር ደብዳቤ። መጀመሪያ ወረዳና ቀበሌ ሂዱ፣ ከዚያ ካሜራውን አውጡ። ተቃራኒውን ያደረገ ሰው ግማሽ ቀኑን ማንነቱን ሲያስረዳ ያሳልፋል።

ድሮን ያለ ፈቃድ አትያዙ። ፈቃድ ቢኖራችሁም ለዚህ ሥራ አይመከርም። ሰው መሬት ላይ ቆሞ ነው የሚያየው፤ የአሞራ እይታ ለካችሁ ማለት የሰው እይታ ለካችሁ ማለት አይደለም።

## 1. የትኛውን መንገድ እንደምትከተሉ ወስኑ

እ.ኤ.አ. በ1982 ዙብ፣ ሴልና ቴይለር ይህን ዘርፍ በአራት ከፍለውት ነበር። ክፍፍሉ ዛሬም ይሠራል።

አንደኛው የባለሙያ ግምገማ ነው። የሠለጠነ ሰው ቅጽ ይዞ ነጥብ ይሰጣል። የአሜሪካ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ቅጽ ለምሳሌ ሰባት ነገር ይጠይቃል፦ የመሬት አቀማመጥ፣ ዕፅዋት፣ ውሃ፣ ቀለም፣ የአካባቢው እይታ፣ ብርቅነት፣ የሰው ሥራ። ድምሩ 19 እና ከዚያ በላይ ከሆነ «ሀ» እንደማለት ነው፣ ከ12 እስከ 18 «ለ»፣ 11 እና ከዚያ በታች «ሐ»። ሁለተኛው ተራ ሰው ለፎቶ ነጥብ ሰጥቶ፣ ነጥቡ ፎቶው ውስጥ ካለው ነገር ጋር በስታቲስቲክስ የሚያያዝበት ነው። ሦስተኛው ሰው ለምን እንደወደደው ይጠይቃል (ቦታው ግልጽ ነው? ይስማማል? ወደ ውስጥ ግባ ግባ ያሰኛል?)። አራተኛው ከቦታው ጋር አብሮ የኖረን ሰው ቃለ መጠይቅ ያደርጋል።

እዚህ የማሳያችሁ ሁለተኛውን ነው። ለአንድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር የሚያልቀው እሱ ነው።

አዲሱስ? ጥናቱ ከትንሽ ቡድን ወደ ብዙ ሰውና ወደ ማሽን እየሄደ ነው። በብሪታንያ «ሲኒክ ኦር ኖት» የሚባል ድረ ገጽ ላይ ሰዎች ለአገሪቱ ፎቶዎች ከ1 እስከ 10 ነጥብ ሰጥተዋል፤ በዚያ ነጥብ ላይ ዲፕ ለርኒንግ (ከብዙ ምሳሌ የሚማር የኮምፒውተር ሞዴል) አሠልጥነው በ2017 ያሳተሙ ተመራማሪዎች አሉ። ሌሎች ከማኅበራዊ ሚዲያ ቦታቸው የተመዘገበ ፎቶዎችን ይሰበስባሉ። የዓይን እንቅስቃሴ የሚከታተል መሣሪያ የሚጠቀሙም አሉ። አማካሪያችሁ «ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ጨምርበት» ሊል ይችላል። ጨምሩ፣ ግን 8ኛው ደረጃ ላይ፣ እንደ መቁጠሪያ። የማኅበራዊ ሚዲያ ፎቶ ብቻ ይዛችሁ ወንጪን ብታጠኑ የምታገኙት ሦስት ነገር ነው፦ ከላይ የሚታየው ሐይቅ፣ ጀልባ፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው። እንሰት ጓሮውን ማንም አይለጥፈውም።

ጽሑፍ ስትፈልጉ፦ በአንድ ቃል ብቻ አትፈልጉ። ይህ ዘርፍ ስሙ ብዙ ነው። «ሲኒክ ቢውቲ»፣ «ቪዥዋል ኳሊቲ»፣ «ላንድስኬፕ ፕሪፈረንስ» ብለው የሚጽፉት ብዙ ጊዜ ስለ አንድ ነገር ነው። አንዱን ብቻ የፈለገ ሰው «በዚህ ላይ ጥናት የለም» ብሎ ይጽፍና ጥናቱን በፈታኞች ፊት ሲከላከል ይዋረዳል።

## 2. ነጥቦቹን ቤት ተቀምጣችሁ ምረጡ

ይህንን የሚዘሉት ናቸው የሚወድቁት። ቦታው ደርሳችሁ «እዚህ ጋ ያምራል» ብላችሁ ካነሳችሁ፣ የለካችሁት የራሳችሁን ምርጫ ነው።

1. ቦታውን በአይነት ክፈሉ፦ ሐይቅና ዳርቻ፣ ገደላማ ደን፣ እርሻና እንሰት፣ ግጦሽ፣ መንደር፣ አዲስ ግንባታና መንገድ።
2. በየአይነቱ እኩል ነጥብ መድቡ። 6 አይነት ካላችሁ 4 ነጥብ በየአንዳንዱ፣ ድምሩ 24።
3. ነጥቦቹን በኪውጂአይኤስ (ነጻ የካርታ ሶፍትዌር) በዕጣ አስጥሉ። ከዚያ ሰው ወደሚደርስበት ቅርብ መንገድ ወይም መተላለፊያ አምጧቸው።
4. የማያምረውንም አካትቱ። ድንጋይ የሚወጣበትን፣ የታጠበውን መሬት፣ ቆርቆሮውን፣ የመብራት ምሰሶውን።

አራተኛዋን ደግማችሁ አንብቧት። ፎቶው ሁሉ ቆንጆ ከሆነ ነጥቡ ሁሉ በ7 እና በ9 መካከል ይሆናል። ልዩነት ከሌለ ሪግሬሽኑ የሚያብራራው ነገር አያገኝም። «ምንም ሲግኒፊካንት (በአጋጣሚ ነው ለማለት የሚያዳግት ውጤት) አልወጣም» ብለው ከሚመጡት ውስጥ ብዙዎቹ በሽታቸው ይሄው ነው።

ካርታው አልገጥም ካለ፦ የድሮ የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን በሚባል የቦታ መለኪያ መነሻ (ዳተም) የተሠሩ ናቸው፣ የስልካችሁ ጂፒኤስ ደግሞ በሌላ መነሻ፣ በደብልዩጂኤስ 84 ነው የሚያነበው። ሁለቱን ሳትቀይሩ ከደረባችኋቸው ነጥባችሁ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። ሐይቅ ዳር ያለው ነጥብ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ካገኛችሁት መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ከየት ምን እንደሚታይ የሚያሰላውን የቪውሼድ ትንተና የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የከፍታ ዳታውን ከዲግሪ ወደ ሜትር ቀይሩት፤ ወንጪ በዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚገልጸው የካርታ ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ካሬው 30 ሜትር የሆነ የከፍታ ዳታ መንገድ ዳር የቆመውን ባሕር ዛፍ እንደማያውቀውም አስቡ። ኮምፒውተሩ «ሐይቁ ይታያል» ያላችሁ ቦታ ስትደርሱ ግንድ ብቻ ልታዩ ትችላላችሁ።

## 3. ፎቶውን አንሱ

ወቅት። ሁሉንም በአንድ ወቅት ጨርሱ። ግማሹን መስከረም፣ ግማሹን የካቲት ያነሳ ልጅ አውቃለሁ። የመስከረሙ ሜዳ አረንጓዴ ሆኖ አደይ አበባ ነስንሶበታል፣ የየካቲቱ ሣር ደርቆ ገለባ መስሏል። ሰው ነጥብ የሰጠው ለወሩ ነበር፣ ለቦታው አይደለም።

ሰዓት። ከጠዋቱ 3 እስከ 5፣ ከሰዓት ከ8 እስከ 10። እኩለ ቀን ላይ ጥላ ስለማይኖር ተራራው ጠፍጣፋ ይመስላል። 12 ሰዓት አካባቢ ደግሞ ብርሃኑ ወርቅ ይሆንና ቆሻሻ መጣያውም ያምራል።

ሌንስ። የአብዛኛው ስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ ነው፤ በተለምዶው የካሜራ መለኪያ ከ24 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ። ሰፊ ሌንስ የራቀውን ያሳንሳል። ከወንጪ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ማዶ ያለው ገደል ለዓይናችሁ ግድግዳ ሆኖ ሳለ ፎቶው ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ይወጣል። ስልኩን 2 እጥፍ ላይ አድርጉት። ወደ 50 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ መጠኑም ዓይናችሁ የሚያየውን ይመስላል። ከዚያ በኋላ አትነካኩት። አንዱን በ1 እጥፍ፣ ሌላውን በ3 እጥፍ ካነሳችሁ ሁሉንም ድገሙ።

ማሳመሪያውን አጥፉ። ኤችዲአር፣ ፊልተር፣ ትዕይንቱን ራሱ የሚያውቀው ማሻሻያ፣ ሁሉም ይጥፋ። ስልኩ «ይሄ ሣር ነው» ብሎ ካሰበ አረንጓዴውን ያደምቀዋል፣ «ይሄ ሰማይ ነው» ካለ ሰማያዊውን። ያኔ የለካችሁት የስልኩን ፋብሪካ ጣዕም ነው።

አሁን ነጥቡ ላይ ቆማችሁ ይህን በቅደም ተከተል አድርጉ፦

1. ቁጥሩን በቅጹ ላይ ጻፉና መጀመሪያ ቅጹን ራሱን አንሱት። ማታ ፎቶ ስትለዩ ታመሰግኑኛላችሁ።
2. ካሜራውን 1.6 ሜትር ላይ አድርጉ። በስክሪኑ መስመር አድማሱን አቅኑ።
3. ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ደቡብ፣ ምዕራብ አንሱ። «ይሄኛው ጎን ምንም የለውም» ብላችሁ አትዝለሉ።
4. በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት አንሱ፣ በመሃል ትንሽ እየቆያችሁ።
5. ሰዓቱን፣ የደመናውን ሁኔታ፣ አቅጣጫውን በዲግሪ ጻፉ።

ሦስት ሦስት ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። ካሜራ ስታወጡ ሕፃናት «ፎቶ! ፎቶ!» እያሉ ይከቧችኋል፤ ፈረስ ያልፋል፣ በሬ ይቆማል። ሰውና እንስሳ ያለበት ፎቶ ላይ ዓይን ሌላ ነገር አያይም። ለልጆቹ ለብቻ አንድ አንሱላቸውና አሳዩአቸው፣ ስቀው ይሄዳሉ፣ ከዚያ ሥራችሁን ቀጥሉ።

ጉም ከመጣ፦ ወንጪ ላይ ጠዋት ይመጣል። ጠብቁ። እስከ 5 ሰዓት ካልገለጠ ያንን ነጥብ ለነገ አስተላልፉ። በኮምፒውተር «ጉም አጥፋ» የሚለውን አትንኩ።

ፎቶ ስትልኩ፦ በቻት መተግበሪያ እንደ ፎቶ አትላኩ፣ እንደ ፋይል ላኩ። እኔ አንድ ጊዜ 48 ፎቶ ለራሴ እንደ ፎቶ ልኬ ዋናውን ከስልኬ አጠፋሁ። መጠኑ ወረደ፤ ሰዓቱና ጂፒኤሱ አብሮ ተሰረዘ። የትኛው ከየት እንደተነሳ ለማወቅ ተመልሼ ሄድኩ። የወረቀት ቅጽ ያልኳችሁ ከዚያ በኋላ ነው።

## 4. አጣሩ

24 ነጥብ በ4 አቅጣጫ 96 ፎቶ ይሆናል። ሰው 96 ፎቶ አይታገስም። ከየነጥቡ አንድ ወይም ሁለት አቅጣጫ በዕጣ አውጡና ወደ 45 አውርዱት። በዕጣ ነው ያልኩት፣ በዓይን አይደለም። ከዚያ ሰው የገባበት፣ የደበዘዘ፣ አድማሱ ያዘመመ ካለ ከሦስቱ ንጹሑን ተጠቀሙ። መቁረጥ፣ ማብራት፣ ቀለም መቀየር የለም።

## 5. ጥያቄውን ጻፉ

አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «በፎቶው ላይ የሚታየው መልክዓ ምድር ምን ያህል ያምራል? ከ1 (በጭራሽ አያምርም) እስከ 10 (እጅግ ያምራል)።» «ፎቶው ያምራል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ስለ ፎቶግራፍ ችሎታችሁ ይመልሱላችኋል።

«ያምራል» የሚለው ቃል ራሱ ተንኮለኛ ነው። ሙከራ ስናደርግ ለአንድ አዛውንት አርሶ አደር ገደላማ ዳገት የሚያሳይ ፎቶ አሳየናቸው። ከአዲስ አበባ የመጡት ተማሪዎች 9 የሰጡት ነው። «አባባ፣ ይሄስ?» አልኳቸው። ጠጋ ብለው አዩት። «ይሄ ምኑ ያምራል ልጄ፣ አፈሩ ታጥቦ አልቆ!» 2 ሰጡት። ይህ ስህተት አይደለም፣ ዳታ ነው። ስለዚህ ነዋሪና ጎብኚን ለየብቻ መዝግቡ፣ ለየብቻም ተንትኑ። አማካዩን ብቻ ብትወስዱ ማንም ያልሰጠው 5.5 ይደርሳችኋል።

ሌላም አለ። አስፋልትና ሎጅ ያለበትን ፎቶ አንዳንድ ሰው «ልማት ነው» ብሎ ከፍ ያደርገዋል፣ በተለይ ደብዳቤ ይዛችሁ ከቀበሌ ሰው ጋር ከመጣችሁ። ስታስሞሉ ባለሥልጣን አጠገባችሁ አይቁም።

ወንጪ ላይ የአብዛኛው ሰው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ጥያቄውን አስተርጉሙ፣ ከዚያ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰው። «ያምራል» ሄዶ «ጥሩ ነው» ሆኖ ከተመለሰ ቃሉን ቀይሩ።

## 6. አስሞሉ

1. መጀመሪያ 8 ወይም 10 ፎቶ ያለ ነጥብ በፍጥነት አሳዩ። ሰው ምን ዓይነት ነገር እንደሚመጣ ካላወቀ ለመጀመሪያዎቹ ሁሉ 5 ይሰጣል።
2. እያንዳንዱን ፎቶ 8 ሰከንድ አሳዩ።
3. ሦስት የተለያየ ቅደም ተከተል አዘጋጁ። ሁሉም ሰው ሐይቁን ከቆሻሻው ቀጥሎ ካየ ሐይቁ ያላግባብ ይጠቀማል።
4. 4 ፎቶዎችን ሳትናገሩ ድገሙ።
5. በየቡድኑ ቢያንስ 30 ሰው አግኙ።

በኦንላይን ቅጽ ካስሞላችሁ ፎቶው በስልክ ላይ የቴምብር ያህል ያንሳል። «በምን እያዩ ነው?» የሚል ጥያቄ ጨምሩ። በፕሮጀክተር ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ሞክሩት፤ ያረጀ ፕሮጀክተር አረንጓዴውን ወደ ግራጫ ይወስደዋል።

ማንን ላስወጣ? ደንቡን ከመሰብሰባችሁ በፊት ጻፉ። ለሁሉም አንድ ቁጥር የሰጠ ይወጣል። ከተደገሙት 4 ውስጥ በ3ቱ ላይ ነጥቡ በ3 እና ከዚያ በላይ የተለያየም ይወጣል። ውጤቱን አይታችሁ «ይሄኛው አበላሸብኝ» ብላችሁ ማስወጣት ግን ማጭበርበር ነው።

## 7. ወደ ዚ-ስኮር ቀይሩ

አንዱ ቸር ነው፣ አንዱ ቆጣቢ። ሀ ለሦስት ፎቶ 7፣ 8፣ 9 ሰጠ። ለ ደግሞ 2፣ 3፣ 4። ደረጃቸው አንድ ነው። ከየነጥቡ የሰውየውን አማካይ ቀንሱ፣ በራሱ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ነጥቦቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳየው ቁጥር) አካፍሉ። የሁለቱም -1፣ 0፣ 1 ይሆናል። ከዚያ የየፎቶውን አማካይ ውሰዱ።

ኤክሴል ላይ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው ፎርሙላውን ስትጎትቱ የአማካዩ ሴል አብሮ መንሸራተቱ ነው፤ በዶላር ምልክት ቆልፉት። ሁለተኛው በዜሮ ማካፈል ነው፤ ይህ ከመጣ ለሁሉም አንድ ቁጥር የሰጠው ሰው አሁንም ውስጥ አለ ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን «ኤስቢኢ» (የመልክዓ ምድር ውበት ግምት) ብላችሁ አትጥሩት። ዳንኤልና ቦስተር በ1976 ያወጡት ኤስቢኢ ከድምር ድግግሞሽ ተነስቶ፣ ከመነሻ መልክዓ ምድር ጋር ተነጻጽሮ፣ በ100 የሚባዛ ሌላ ስሌት ነው። «ስታንዳርዳይዝድ ነጥብ» በሉት፣ ይበቃል።

ቀጥሎ ሰዎቹን በዕጣ ለሁለት ክፈሉና የሁለቱን ግማሽ የፎቶ አማካዮች ኮሪሌሽን (የመጣጣም መጠን) አስሉ። ከ0.8 በላይ ከሆነ ቀጥሉ። ከወረደ ነዋሪና ጎብኚ ቀላቅላችሁ እንደሆነ እዩ።

## 8. ፎቶው ውስጥ ያለውን ቁጠሩ

ፎቶው ላይ 10 በ10 መረብ ጣሉ። 100 ካሬ፣ አንዱ አንድ በመቶ። ካሬውን በብዛት የያዘው ነገር ይወስደዋል፦ ሰማይ፣ ውሃ፣ ዛፍ፣ እርሻ፣ ባዶ መሬት፣ ቤት፣ መንገድ። 10ሩን ፎቶ ሌላ ሰው ለብቻው ይቁጠር፤ ከተለያያችሁ ትርጉማችሁን አስተካክሉ። «እንሰት ዛፍ ነው ወይስ እርሻ?» ሳትሉ አትቀሩም። አንዱን መርጣችሁ ጻፉት።

ኤአዩ የሚገባው እዚህ ነው። ምስል ከፋፋይ ሞዴሎች ፈጣን ናቸው፤ ግን በአውሮፓ ከተማ መንገዶች ፎቶ የሠለጠኑ አሉ። እኔ ስሞክር የሣር ክዳን ጎጆውን ዕፅዋት፣ ፀሐይ ያረፈበትን ቆርቆሮ ሰማይ ሲለው አይቻለሁ። ቢያንስ አንድ አሥረኛውን በእጃችሁ አረጋግጡ።

## 9. ሪግሬሽኑ

- መቶኛዎቹ ተደምረው 100 ስለሚሆኑ ሁሉንም አታስገቡ። አንዱን (ለምሳሌ ሰማይን) አስወጡ፤ አለበለዚያ ሶፍትዌሩ ወይ ይጮሃል ወይ ዝም ብሎ የማይረባ ቁጥር ይሰጣችኋል።
- 45 ፎቶ ካላችሁ 4 ተለዋዋጭ በቂ ነው። 12 አስገብቶ አር-ስኩዌር (ሞዴሉ ያብራራው የልዩነት ድርሻ) 0.9 አገኘሁ የሚል ሰው ምንም አላገኘም።
- 45 ፎቶ በ60 ሰው 2,700 ነጥብ ነው፣ ግን 2,700 ነጻ ናሙና አይደለም። ወይ በፎቶ አማካይ በ45 ሥሩ፣ ወይ ሚክስድ ሞዴል (የአንድ ሰውና የአንድ ፎቶ ነጥቦች የተያያዙ መሆናቸውን የሚያስብ ሪግሬሽን) ተጠቀሙ።
- ውሃ «ሲግኒፊካንት አይደለም» ካለ ግራፉን እዩት። ብዙ ጊዜ ትንሽ ውሃ መታየቱ ነጥቡን ከፍ ያደርገዋል፣ ከዚያ በኋላ መብዛቱ ብዙ አይጨምርም። «አለ/የለም» ብላችሁ ሞክሩት።

## 10. ጻፉት

«ወንጪ ውብ ነው» ግኝት አይደለም። «የቤትና የመንገድ ካሬ በጨመረ ቁጥር የጎብኚዎች ነጥብ ይህን ያህል ወረደ፣ የነዋሪዎች ግን አልወረደም» ግኝት ነው። ወቅቱን፣ ሰዓቱን፣ ሌንሱን፣ ያስወጣችሁትን ሰው ብዛት ሳትደብቁ ጻፉ። 45ቱንም ፎቶ ከነነጥባቸው አባሪ ላይ አድርጉ፣ ከዝቅተኛው ጀምራችሁ። ፈታኙ ገልጦ የሚጠይቃችሁ ዝቅተኛውን ነው፤ ለምን እንደወረደ ከሥሩ በአንድ መስመር ጽፋችሁ ግቡ።